ዕውሩ መድፈኛ

«እውነቱን ለመናገር፣ ዛሬ እዚህ መምጣት የነበረበት መድፈኛው ነው እንጂ እኔ አልነበርኩም» አለች አክስት፤ በዓይን ክሊኒኩ አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረው ተራ የሚጠብቁት ሁሉ ሳቁ። ነርሷ ጠብታ አድርጋላት፣ ብሌኗ እስኪሰፋ ድረስ ሁለቱንም ዓይኖቿን ጨፍና እንድትቀመጥ አዝዛታለች። ዓይኗ ሲጨፈን ግን አፏ ተከፈተ። በቀኟ የተቀመጠ አንድ ዓይኑ የታሸገ ጡረተኛ ሹፌር፣ አመሏን ሳያውቅ ከየት እንደመጣች ጠየቃት፤ እሷም የምትኖርበትን ከተማ ከነገረችው በኋላ፣ ከተማዋ በጦርነቱ ጊዜ በመድፍ እንዴት እንደተደበደበች ከሀ ጀምራ ትተርክለት ጀመር። ሰው ገና ፊቱን ሳይታጠብ መድፉ ከኮረብታው ማዶ ማጓራት እንደጀመረ፣ ጥይቱ በየጣሪያው ላይ እያፏጨ እያለፈ የጡብ ፋብሪካው አፈር ከሚያወጣበት ጉድጓድ ውስጥ ዘጭ ይል እንደነበር፣ የሰፈሩ ልጆች አልጋ ሥር ሆነው ሲቆጥሩ ሠላሳ አንድ ላይ እንደደረሱ፣ ከዚያ ሁሉ እሳት የተጎዳችው የጎረቤቷ ዶሮ ብቻ እንደሆነች፣ እሷም ብትሆን ለአንድ ወር እንቁላል መጣል ከማቆም በቀር ምንም እንዳልሆነች ነገረችው። «ከተማን የሚያህል ነገር ስቶ ጉድጓድ የሚመታ ሰው ምን ይባላል?» ብላ ስትጠይቀው ሹፌሩ «ዕውር» አላት፤ ሳቁም እንደገና አግዳሚውን ዞረ።

ያልሳቀችው በግራዋ የተቀመጠችው የእህቷ ልጅ ብቻ ነበረች። የአክስቷን ቦርሳ፣ የቀጠሮ ካርዷንና ጥቁር መነጽሯን ታቅፋ ተቀምጣለች። ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው፤ በአንድ ማተሚያ ቤት መጽሐፍ ስለምትጠርዝ የሚያውቋት ሁሉ ጠራዧ ይሏታል። ዛሬ ከሥራ የቀረችው አለቃዋን አስፈቅዳ ነው፤ አለቃዋም «እስከ ዛሬ ወሬዋ ያልተሰማ አክስት አሁን ምን ታያት?» ብሎ በራሱ ቀልድ ራሱ ስቆ ነው የፈቀደላት። ጠራዧ ያልሳቀችበት ምክንያት ቀላል ነው። ዕውር የተባለው መድፈኛ ወንድሟ ነበር። አክስትም ይህን አሳምራ ታውቃለች።

ወንድሟ የሞተ ሰሞን ወደ ቤታቸው ሁለት መልእክት መጥቶ ነበር። አንዱ ከጦር ክፍሉ የተላከ፣ በታይፕ የተጻፈ ደብዳቤ ነው። ተመልካች መኮንኑ በተሰጠው ዒላማ ላይ ሠላሳ አንድ ጥይት ያለ ውጤት በማባከኑ፣ የሙያ ብቃቱም አጥጋቢ ሆኖ ባለመገኘቱ ከመድፈኛው ተነሥቶ ወደ እግረኛ ጦር እንደተዛወረ፣ በተዛወረ በዐሥራ አንደኛው ቀንም ምሽግ ውስጥ ሳለ ተመትቶ ሕይወቱ እንዳለፈ ይናገራል። ሁለተኛው በሰው አፍ የመጣ የአክስት መልእክት ነው። ኮረብታው ላይ ቆሞ ከተማችንን ያስደበደበው የእህቴ ልጅ እንደሆነ በዓይኑ ያየ ሰው ነግሮኛል፤ በጣሪያዬ ላይ መድፍ ላስተኮሰ ልጅ አላለቅስም፣ አልመጣምም የሚል። እናት ሁለቱንም በአንድ ሳምንት ሰማች። ደብዳቤውን ከቁም ሣጥኑ ታችኛው መሳቢያ፣ ከብርድ ልብሶቹ ሥር ከተተችው፤ ለእህቷም መልስ አልላከችም። ከዚያ ወዲህ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የልጇን ስም በአፏ አልጠራችም። ጎረቤት ሲጠራባት እንኳ ተነሥታ ወደ ጓዳ ትገባለች። ጠራዧ ከምንም በላይ የምትመኘው እናቷ ስለ ወንድሟ ስታወራ መስማት ነበር፤ እሱን አብሯት የሚያስታውስ ሌላ ሰው በዓለም ላይ የላትምና።

ባለፈው ሳምንት የአክስት ጎረቤት ደውላ፣ እህትሽ ዓይኗ እየጠፋ ነው፣ ትልቁ ሐኪም ቤት ደግሞ እናንተ ዘንድ ነው ስትል፣ እናት «ትምጣ» አለች። ከዚህ ሌላ አልጨመረችም። ትናንት ማታ ሁለቱ እህትማማቾች በር ላይ እንደ ሩቅ ሰው ጉንጭ ለጉንጭ ተነካክተው ገቡ። ስለ መንገዱ አቧራ ጥቂት ተባለ፤ ስለ አውቶቡሱ ወንበር ጥቂት ተባለ፤ ወሬው አለቀ። አክስት ትንሿ ክፍል ውስጥ፣ የሟቹ አልጋ ላይ ተኛች።

እናም ክሊኒኩ ውስጥ ጠራዧን የቆረጣት ስድቡ ብቻ አልነበረም፤ ቁጥሩም ነበር። ሠላሳ አንድ የሚለውን ቁጥር ከደብዳቤው ታውቀዋለች፤ እንደ ነቀፌታ ነበር የምታውቀው። አሁን ያው ቁጥር ከአክስቷ አፍ እንደ ቀልድ ወጣ። የአክስት ስም ተጠርቶ ወደ ውስጥ ሲገቡም፣ ሐኪሙ የግራው ዓይን ሞራ እንደለበሰ፣ በሚመጣው ሳምንት እንደሚገፈፍ፣ እስከዚያም ከከተማው መውጣት እንደሌለባት ሲያስረዳ፣ ጠራዧ በራሷ ሐሳብ ተወስዳ ቀጠሮውን ሁለት ጊዜ አስጻፈችው።

ወንድሟን ሰፈሩ ሁሉ ሜትር ይለው ነበር። ስሙን ያወጣችለት ባለ ዳቦ ቤቷ ናት፤ በሰባት ዓመቱ ዳቦ ሊገዛ ተልኮ፣ ከእኛ በር እስከ እናንተ በር ሁለት መቶ ዐሥራ ሁለት እርምጃ ነው፣ ሲዘንብ ግን ኩሬውን ስለምዞር ሁለት መቶ ሃያ ይሆናል ብሎ ስላስረዳት። ክንዱን ዘርግቶ፣ አውራ ጣቱን አቁሞ፣ ዓይኖቹን ተራ በተራ እየጨፈነ፣ የውኃ ማማው ምን ያህል እንደሚርቅ ይናገር ነበር፤ እልኸኛ ጎረቤት በገመድ ለክቶ ሲመለስ ልዩነቱ ከሁለትና ከሦስት እርምጃ አያልፍም። ሐሳቡ መንገድ ቀያሽ መሆን ነበር። ጦርነቱ ሲመጣ ግን በሒሳብ ከፍተኛ ውጤት ያመጡትን ወጣቶች እየለቀሙ መድፈኛ አደረጓቸው፤ የሰው መንገድ ሊቀይስ ያሰበው ልጅ የጥይት መንገድ ቀያሽ ሆነ። በሃያ ሦስት ዓመቱ፣ ምክትል መቶ አለቃ ተብሎ፣ ለዐሥራ ሁለት ቀን ፈቃድ መጣ። ከመድፉ ሥር በቆየባቸው ወራት ግራ ጆሮው ደክሞ ስለነበር ይጮኻል፤ እሱ ሲጮኽ እናትም እህትም ይጮኻሉ። ጎረቤት በሩን አንኳኩታ ምን ተፈጠረ ብላ ስትጠይቅ፣ ጨው አቀብዪኝ ተባብለን ነው ብሎ በትሕትና አስገባት። ለዓመታት አልገጥም ብሎ የኖረውን የጓዳ በር ላገው። ያን ጊዜ ለማጅ የነበረችው እህቱ መጀመሪያ የጠረዘችውን ደብተር በማስመሪያ ለክቶ «በሁለት ሚሊ ሜትር ዘምሟል፤ ችግር የለም፣ እኔም አንድ ጆሮ ጎድሎኛል» አላትና ሊዘምትበት ከሻንጣው ከተተው። እንዲህ ያለ ሰው ነበር፤ ከባድ መሣሪያ የሚያዝዝ፣ ለእህቱ ግን እንደ ላባ የሚቀልላት።

በፈቃዱ በሦስተኛው ቀን ምሳ ሰዓት ላይ የሆነውን ጠራዧ ቀኑን ሳይቀር ታስታውሰዋለች። እናት ጭልፋውን አንሥታ «ድገም እንጂ ልጄ» ስትለው ሳሕኑን በእጁ ከልሎ በሳቅ ፈረሰ።

«እማ፣ ይህን ቃል በሬዲዮ ብትዪው ኖሮ አሁን ጓዳችን አይኖርም ነበር።»

ከዚያ ዳቦውን ኮረብታ፣ የጨው ዕቃውን ዒላማ አድርጎ ሥራውን አስረዳቸው። መድፎቹ ከኮረብታው ጀርባ ናቸው፣ ምንም አያዩም። የሚያየው እሱ ነው፤ ኮረብታው ራስ ላይ ተኝቶ በመነጽር እያየ በሬዲዮ ይነግራቸዋል። ወደ ቀኝ ከሄደ ግራ ይላል፤ ካጠረ ጨምር፣ ካለፈ ቀንስ ይላል። ከሚፈልገው ቦታ ላይ ሲወድቅለት ግን አንድ ቃል ብቻ ነው የሚናገረው፤ ድገም። ያን ጊዜ ቁጥሩን ሳይነኩ እዚያችው ቦታ ላይ ይደግማሉ። አዳዲሶቹ ልጆች መልእክቱን ሳይሰሙት ሲቀሩ እንደ ቤታቸው «ድገም» እያሉ መከራ ስለሚያመጡ፣ ‹አልሰማሁም› የሚለውን ቃል መቶ ጊዜ እንደሚያስጽፋቸው ነገራቸው። እናት ከሳቋ ስትመለስ «ታዲያ ጨምር ልበልህ?» አለችው። እሱም «እሱማ ጎረቤት ያስመታል፤ ዝም ብለሽ ጨልፊልኝ» አላት። በቀሩት ዘጠኝ ቀናት እናት ሳትናገር ጨለፈችለት።

ከክሊኒኩ ሲወጡ ፀሐዩ ከረር ብሏል። አክስት ጥቁር መነጽሯን አድርጋ፣ ብርሃኑ እያስጨነቃት፣ የጠራዧን ክንድ አጥብቃ ይዛ ትራመዳለች። ጠራዧ «ቀስ ይበሉ፣ ደረጃ አለ» ስትላት አክስት ቆም አለች።

«እኔን እርስዎ ማለት የጀመርሽው መቼ ነው? በአራት ዓመትሽ ጀርባዬ ላይ ወጥተሽ ‹አንቺ ፈረስ፣ ፍጠኚ› ትዪኝ አልነበር?»

 ጠራዧ ልትስቅ ትንሽ ቀርቷት ነበር። የብረታ ብረት ሱቆቹን፣ የጫማ አዳሹን ጥግ፣ የቲማቲም ዋጋ በየቀኑ በጠመኔ የሚታረምበትን ሰሌዳ አልፈው፣ ጭር ወዳለው መንገድ ሲታጠፉ ግን ጥያቄዋን ጀመረች። ያ ጉድጓድ ምን ያህል ይሰፋል? አክስት አሰበች፤ ጠራዧ ከፊታቸው ያለውን የመኪና ማቆሚያ ስታሳያት፣ ይህን ቢያክል ነው አለች። ሠላሳ አንዱም እዚያው ነው የወደቁት? የመጀመሪያው ከአፋፉ ላይ፣ ሌሎቹ ከዚያው ከአፋፉ ሥር፤ ልጆቹ በኋላ ስብርባሪ ሊለቅሙ ወርደው ያዩት ነው። ከከተማው በስንት ይርቃል? ከመጨረሻው ቤት አጥር እስከ ጉድጓዱ ሦስት መቶ እርምጃ አይሞላም። ኮረብታው ላይ የቆመ ሰውስ ከተማውን ያያል?

«የማን ቤት ምን ልብስ እንደተሰጣ ሳይቀር ያያል» አለች አክስት። «ወንድምሽ ራሱ የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሆኖ ለዕረፍት ሲመጣ ከዚያ አይወርድም ነበር። ጣሪያዬን በጣቱ ለክቶ…» ብላ ሳትጨርሰው ፊቷን ወደ ሌላ አዞረች።

ጠራዧ መንገዱ መሀል ቆማ ቀረች። ዕውር ሰው ሠላሳ አንድ ጊዜ ቢያስተኩስ አንዱ ጥይት ከሌላው ሰፈር ለሰፈር ይራራቃል፤ አንዱ ቢሳሳት ሌላው በአጋጣሚ የሰው ቤት ያገኛል። ሠላሳ አንዱን ሁሉ በአንድ መኪና ማቆሚያ ላይ የሚያሳርፍ ዕውር የለም። ሜትር የመጀመሪያው ጥይት የት እንደወደቀ በመነጽሩ አይቷል። ግራ ሦስት መቶ ቢል ከቤቶቹ መሀል ነበር። አላለም። ሠላሳ ጊዜ፣ በዚያ ጮክ ብሎ በሚናገር ድምፁ፣ ድገም ብሏል። ደብዳቤው ብክነት ብሎ የጻፈው፣ አክስት ዕውርነት ብላ የሳቀችበት፣ ያ ቃል ነው። ጠራዧን እዚያው መንገድ ላይ እንባዋ ቀደማት፤ አክስትም መነጽሯን ከፍ አድርጋ፣ በሰፋው ብሌኗ ልታያት ሞክራ፣ ምን እንደሆነች ጠየቀቻት። ጠራዧ «ቤት እንግባ፤ እማም ትስማው» አለቻት። መንገዱን ሁሉ ግን ልቧ ፈራ። እናቷ ይህን ስትሰማ ትፈታለች ወይስ ለዘላለም ትዘጋለች? እሱን አታውቅም ነበር።

ቤቱ ሁለት ክፍልና አንድ ጓዳ ነው። ምሳው ቀርቧል፤ የድንች ሾርባና ዳቦ። እናት ስለ ሐኪሙ የጠየቀችው ጠራዧን ነው፤ አክስትም የመለሰችው ለጠራዧ ነው። እህትማማቾቹ በልጅቱ በኩል እየተላላኩ፣ ጨው ትፈልግ እንደሆን ጠይቂያት፣ ይበቃኛል በያት እየተባባሉ ግማሽ ሳሕን ያህል በሉ። ጠራዧ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«እማ፣ ሜትር ስለ ‹ድገም› የነገረን ትዝ ይልሻል?»

እናት እጇ ዳቦው ላይ እንዳለ ቀረ። ልትነሣ ወገቧን አንቀሳቀሰች፤ ጠራዧ ግን በጠረጴዛው ላይ ክንዷን ይዛ አስቀመጠቻትና ለአክስቷ መናገር ጀመረች። ኮረብታውን፣ መነጽሩን፣ ሬዲዮውን፣ ጨምርና ቀንሱን፣ ሁሉን ከወንድሟ እንደሰማችው አስረዳቻት። ስትጨርስ «አክስቴ፣ ዛሬ እዚያ አግዳሚ ላይ ስንት ጥይት ነበር ያልሽው? ለእማ ንገሪያት» አለች። አንቺ ማለቷን ማንም ልብ አላለውም።

«ሠላሳ አንድ» አለች አክስት። «ሁሉም የጡብ ፋብሪካው ጉድጓድ ውስጥ።»

እናት ደብዳቤውን ልታወጣ አልተነሣችም፤ አላስፈለጋትም። ዓይኗን ጠረጴዛው ላይ ተክላ፣ ትምህርቷን እንደምትወጣ ተማሪ በቃሏ አነበነበችው። «ተመልካች መኮንኑ በተሰጠው ዒላማ ላይ ሠላሳ አንድ ጥይት ያለ ውጤት በማባከኑ፣ የሙያ ብቃቱም አጥጋቢ ሆኖ ባለመገኘቱ…» 

አክስት ይህን ደብዳቤ ሰምታው አታውቅም። እናትም ስለ ጉድጓዱ ሰምታ አታውቅም። አንደኛዋ ግማሹን፣ ሌላዋ ግማሹን ይዘው ዘጠኝ ዓመት ተኮራርፈዋል።  አክስት መነጽሯን አወለቀችና ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ከመዳፎቿ መሀል «እኔ ስረግመው ነው የኖርኩት» የሚል ድምፅ ወጣ።

እናት ግን አላለቀሰችም። ፊቷ ቀላ። ጠራዧ የፈራችው መጣ።

«እንግዲያው ቢታዘዝ ኖሮ እዚያው ኮረብታው ላይ ይቆይ ነበር» አለች እናት ቀስ ብላ። «ምሽግ ውስጥ ባልጣሉት። ዛሬ ሠላሳ ሦስት ዓመቱ ነበር።» ቀና ብላ እህቷን አየቻት፤ ዘጠኝ ዓመት ያላየቻትን እዚያው ላይ አየቻት። «የሞተው ባንቺ ምክንያት ነው።»

አክስት እጇን ከፊቷ አወረደች። ልትከራከር ትችል ነበር፤ ጦርነቱን ያመጣሁት እኔ አይደለሁም ልትል ትችል ነበር፤ ሴትዮዋ ለወሬና ለክርክር የምትሰንፍ አይደለችም። «አዎ» አለች ብቻ። «በእኔ ምክንያት ነው። በእኔና በሰፈሩ ሰው።»

ጠራዧ በዚህ ይለያያሉ ብላ ፈራች። አክስት ሻንጣዋን ስታነሣ፣ እናት ወደ ጓዳ ስትገባ ታያት። እናት ግን ከቦታዋ አልተነቃነቀችም። የእህቷን ቃል ሾርባው እስኪቀዘቅዝ ድረስ በልቧ ስታመላልሰው ቆየች። ፍርፋሪውን በጣቷ እየሰበሰበች፣ እየበተነች፣ እንደገና እየሰበሰበች ብዙ ተቀመጠች። በመጨረሻ የጠየቀችው ጥያቄ ጠራዧ ያላሰበችው ነበር።

«ሰፈርሽ ውስጥ ማን ማን ነበር?»

አክስት አልገባትም። «የቱን ነው የምትዪኝ?»

«ያን ዕለት ቤት ውስጥ የነበሩትን። ከፋብሪካው በኩል ጀምሪና በየተራ ንገሪኝ።»

ብርሃኑ ዓይኗን ስለወጋት አክስት ጨፈነች፤ ጨፍናም በሰፈሯ መንገድ ትሄድ ጀመር። መጀመሪያ ከአጥሩ ጥግ ያለው የልብስ ሰፊው ቤት ነው አለች፤ ከሚስቱና ከአማቱ ጋር ይኖራል፤ አማቱ አልጋ ላይ ናት፣ ያን ዕለት ልትሸሽ አትችልም ነበር። እናት የአማቲቱን ዕድሜ ጠየቀች። ቀጥሎ ሁለቱ ወንድማማች አናጢዎች ናቸው፤ ያን ጊዜ ላጤዎች ነበሩ፣ አሁን ታላቁ አግብቶ ሴት ልጅ ወልዷል። እናት ልጅቱ ማንን እንደምትመስል ጠየቀች። ቀጥሎ የአዋላጇ ቤት፣ ቀጥሎ ዶሮዋ የደነገጠችባት ጎረቤት፤ እዚህ ላይ እናት ሳታስበው ፈገግ አለች፤ ልጄ እንቁላል አስቀረ በያት አለች፣ ወዲያውም ዓይኗ ሞላ። ዘጠኝ ዓመት ያላለችውን ልጄ የሚለውን ቃል ስትለው ጠራዧ ሰማች። አክስት ጣቷን እያጠፈች የራሷን ቤት ዘላ አለፈች፤ እናት አስቆመቻትና የራስሽንም ጥሪ አለቻት። አክስትም በራሷ ቤት ውስጥ ብቻዋን እንደነበረች፣ አልጋ ሥር መግባት አፍራ ምድጃው አጠገብ ቆማ እንደቀረች ነገረቻት። እናት ወንበሯን ወደ እህቷ አስጠጋች።

«ከአንቺስ ቀጥሎ?»

«የመምህሯ ቤት ነው። መንታ አላት፤ ወንዶች ናቸው።»

«ስንት ዓመታቸው ነው?»

አክስት ትንሽ አሰበች። «ስምንት ሊሞላቸው ነው። ያን ጊዜ ገና አልተወለዱም ነበር።»

እናት በመዳፏ እንባዋን ጠረገችና የእህቷን እጅ ይዛ ያጠፈቻቸውን ጣቶቿን በራሷ እጅ ዘረጋጋቻቸው።

«ቀጥዪ፣ እትዬ» አለች። «ማንንም እንዳታስቀሪ።»